«የቱን ልግዛ?» ሲሉን የምንመልሰው ለማን ነው?

ጥገና_ወዳድ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት እዚህ በየሳምንቱ የሚደጋገም አንድ ነገር ስላሰለቸኝ ነው። አንድ ሰው ይመጣና «ለእናቴ ስልክ ልገዛላት ነው፣ የቱን ትመክሩኛላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ይዘንብለታል። ፕሮሰሰሩ ስንት ናኖሜትር እንደሆነ፣ ስክሪኑ 120 ኸርዝ ካልሆነ እንደማይረባ፣ ቡትሎደሩ፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ይከፈት እንደሆነና እንዳልሆነ። ቡትሎደር! ለእናቱ! ጠያቂው አመስግኖ ይሄድና በመጨረሻ እህቱ የያዘችውን ዓይነት ስልክ ይገዛል። እኛም «ሰው የሚገዛው ማስታወቂያ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» እየተባባልን እንጽናናለን።

እኔ ደግሞ የምለው እህትየዋ የያዘችውን መግዛት ብልህነት ነው። አንድ ዕቃ ሁለት ሒሳብ አለው፤ አንዱ የሚገዛ ዕለት የሚሠራ፣ ሌላው ከተገዛ በኋላ «ሲበላሽብኝ ማን ይረዳኛል» የሚለው። እኛ የመጀመሪያውን ብቻ እንሠራለን፤ ሁለተኛው ለእኛ ምንም አያስከፍልምና። የሆነ ነገር ሲጠፋብን ራሳችን እንፈታዋለን፤ እውነቱን ለመናገር መፍታቱ ራሱ ደስ ይለናል። እናትየው ግን የስልኩ ጥሪ ድንገት ዝም ሲልባቸው የሚደውሉት ለልጃቸው ነው። ልጅቷም «እማ፣ ከላይ ወደ ታች ሳቢው፣ ጨረቃ የምትመስለውን ንኪ» ማለት የምትችለው ያው ስክሪን በእጇ ካለ ብቻ ነው። ካልሆነ አንድ ሰዓት ሙሉ «ምን ይታይሻል?» «ምንም አይታየኝም» ይባባላሉ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነው፦ ስንመክር የምንመክረው እኛ ብንሆን የምንገዛውን ነው ወይስ እነሱ ሊኖሩበት የሚችሉትን? ሁለቱን ማስታረቅ የቻለ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ቀላል_ነው

ለእናት ስልክ ከናኖሜትሩ በፊት የሚታየው የጽሑፉ መጠን ሲተልቅ አፑ ከስክሪን እንዳይወጣ ነው። በቃ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ሞገድ

ይህ ክርክር ከእኛ ይበልጣል ዕድሜው። የሶኒው የቪዲዮ ካሴት ዓይነት ቤታማክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ፣ ተፎካካሪው ቪኤችኤስ በ1976 ተከተለ። የቤታማክስ ምስል ይሻል እንደነበር እስከ ዛሬ የሚምሉ አሉ፤ በጊዜው ሰው ቤት በነበረው ቴሌቪዥን ላይ ልዩነቱን ለይቶ የሚያይ ግን ብዙ አልነበረም። የመጀመሪያው የቤታማክስ ካሴት የሚቀዳው 1 ሰዓት ነው። የቪኤችኤሱ 2 ሰዓት። ፊልም ደግሞ ከ1 ሰዓት ይረዝማል። ሰዉ መቅጃውን የገዛው አምሽቶ ሲመጣ ያመለጠውን ሊያይ ስለሆነ፣ ግማሹ ላይ የሚያልቅ ካሴት፣ ጥራቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ምንም አይፈይድለትም። በኋላ ሶኒ ራሱ የቴፑን ፍጥነት ቀንሶ ሰዓቱን አረዘመው፤ በዚያውም ከሚኮራበት ጥራት ከፊሉን አስረከበ።

በድምፁ በኩልም ያው ነው። ከሲዲ የሚበልጥ ጥራት እናመጣለን ተብሎ በ1999 ኤስኤሲዲ፣ በ2000 ዲቪዲ ኦዲዮ የሚባሉ ዲስኮች ወጡ። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ፣ ጆሮዬ ለይቶ ይሰማል ብዬም አምናለሁ (ዓይኔን ሸፍናችሁ አትፈትኑኝ እንጂ)። ዓለም ግን በዚያው ሰሞን ኤምፒ3 ላይ ነበር። ጥራቱ ከሲዲ የሚያንስ፣ ነገር ግን መቶ ሲዲ ከመሸከም የሚገላግል። የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻ አይፖድ በ2001 ሲወጣ በቴክኖሎጂ መድረኮች ላይ የተጻፈውን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ገመድ አልባ አይደለም፣ ከተፎካካሪው ያነሰ ነው የሚይዘው፣ ምኑ ያስደንቃል የሚል ነው። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነበር። ገዢው ያየው ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንዲት ጎማ አዙሮ የሚፈልገውን ዘፈን ወዲያው ማግኘቱን።

ቀላል_ነው

ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው ድሮፕቦክስ በ2007 ብቅ ሲልም «ይህን እኮ በኤፍቲፒ (የፋይል መላኪያ ዘዴ) እና በሊኑክስ (ነፃው የኮምፒውተር ሲስተም) ራስህ መሥራት ትችላለህ» ያለ ሰው ነበር። መቻሉንማ ይችላል።

ክፍት_ኮድ

ጥገና_ወዳድ፣ ነገሩን አሳምረህ አቀረብከው፤ ነገር ግን ሦስተኛውን ሒሳብ ዘለልከው። እሱም ባለቤቱ ሐሳቡን የቀየረ ቀን የሚመጣው ነው።

የየድረ ገጹን አዲስ ጽሑፍ አንድ ላይ ያስነብብ የነበረውን ጉግል ሪደርን የሚያስታውስ አለ? ሰዎች የንባብ ሕይወታቸውን በሙሉ እዚያ ላይ አደራጅተው ነበር፤ ጁላይ 1 ቀን 2013 ተዘጋ። ጉግል ፎቶስ በ2015 ሲከፈት «ያለ ገደብ፣ በነፃ» ተባለ፤ ሰዉ የልጆቹን ፎቶ ሁሉ ጫነበት፤ ከጁን 1 ቀን 2021 ጀምሮ አዲስ የሚጫነው ከነፃው 15 ጊጋባይት ላይ ይቆጠር ጀመር። በዚያን ጊዜ ፎቶውን አውጥቶ ሌላ ቦታ የሚያስቀምጠው ስንቱ ነው? መክፈል የጀመረም አለ። አፕልም በ2017 መጨረሻ ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በሶፍትዌር እንደሚያዘገይ አመነ። ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ነው ያለው፤ ያቀረበው ምክንያት ቴክኒካዊ እውነት አለው። ግን ለባለቤቱ ማን ነገረው? ስንቱ ሰው ባትሪ መቀየር ሲበቃው አዲስ ስልክ ገዝቷል?

አንተ «ምቾት» የምትለው ዛሬ ሳይከፈል የሚቆይ ዕዳ ነው። እኛን አክራሪ የሚሉን ዕዳውን ቀድመን ስለምናየው ነው። በራሱ ሃርድ ዲስክ፣ በማንም ፕሮግራም በሚከፈት ፎርማት ፋይሉን ያስቀመጠ ሰው እነዚህ ዜናዎች ሁሉ ሲወጡ እንቅልፉን አላጣም። ያን ዓይነት ነፃነት ለእናቴ አልመኝላትም ልትለኝ ነው?

ባትሪ_80

ክፍት_ኮድ ልክ ነው፣ ግን እኛ ራሳችን የምንለውን አንገዛም። ይህን ጉድ ማንም ማንሳት አይፈልግም።

«ትንሽ ስልክ ስጡን» እያልን ስንት ዓመት ጮህን? አፕል በ2020 አይፎን 12 ሚኒን፣ በ2021 13 ሚኒን አወጣ። ስክሪናቸው 5.4 ኢንች፣ ፕሮሰሰራቸውና ካሜራቸው ከመደበኞቹ አይፎን 12ና 13 ጋር አንድ ነው። በ2022 መስመሩ ተቋረጠ። የት ሄድን?

የሚነቀል ባትሪም እንዲሁ። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ5 በ2014 ጀርባው ተከፍቶ ባትሪው ይቀየር ነበር፤ ከዚያም በላይ አይፒ67 ውሃ መከላከያ ነበረው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም ለሚሉ መልሱ ያ ስልክ ነው። በቀጣዩ ዓመት ኤስ6 መስታወትና ብረት ለብሶ፣ ባትሪው ታሽጎ መጣ። ሰው ሱቅ ውስጥ ሁለቱን በእጁ ሲይዝ ፕላስቲኩ ርካሽ ይመስለዋል፤ መስታወቱ ያምራል። ባትሪ የሚያሳስበው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ስልክ የሚመርጠው ግን ዛሬ ነው።

ለዚህ ነው እኔ ምክር ላይ ተስፋ ቆርጬ ሕግ ላይ ያለኝ። የአውሮፓ ኅብረት በዩኤስቢ-ሲ ያደረገውን ተመልከቱ። ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ አዲስ ስልክ በገመድ የሚሞላ ከሆነ በዩኤስቢ-ሲ መሞላት አለበት፤ ለላፕቶፕ ኤፕሪል 28 ቀን 2026 ነው። አይፎን እንኳ በ2023 ቀድሞ ቀየረ። የትኛውም ተጠቃሚ ስለ ስታንዳርድ ስብከት አልሰማም፤ ቻርጀሩ ግን የሁሉንም ዕቃ ይሞላለታል። ከጁን 20 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ እዚያው ገበያ ለሚገቡ ስልኮች ዋና ዋና መለዋወጫ ሽያጩ ካበቃ በኋላ ለ7 ዓመት፣ የሲስተም አፕዴት ለ5 ዓመት እንዲቀርብ ግዴታ ተደርጓል። ከእኛ የአሥር ዓመት ጩኸት ይልቅ ይህ ለእናትየው ይጠቅማቸዋል።

አንባቢዋ

ብዙ ጊዜ እዚህ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን የምታወሩት ስለ እኔ ስለሆነ ልግባ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ኮምፒውተር ላይ ከእናንተ ከብዙዎቻችሁ የበለጠ ሰዓት እቀመጣለሁ ብዬ እገምታለሁ፤ ግን ኮምፒውተሩን አይደለም የማየው፣ ሥራዬን ነው።

«ተራ ተጠቃሚ ለውጥ ይፈራል» ትላላችሁ። አልፈራም፤ ዋጋውን የምከፍለው እኔ ስለሆንኩ ነው። የወር መዝጊያ ላይ እያለሁ አፕዴት ይመጣና የማተሚያው ምልክት ከነበረበት ይጠፋል። እናንተ «አሁን እኮ ሦስቱ ነጥብ ውስጥ ነው፣ እንዲያውም ንፁህ ሆኗል» ትላላችሁ። ለማን ነው ንፁህ የሆነው? እጄ ሳላስብ የሚሄድበትን ቦታ ወሰዱብኝ። ዊንዶውስ 8 በ2012 የስታርት ምልክቱን ሲያነሳ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ምን እንደሆነ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ኮምፒውተሩን ለማጥፋት ሰው ሰው ይጠይቅ ነበር። በ2013 በ8.1 ምልክቱን መልሰውታል፤ ስለዚህ ቅሬታው ከአላዋቂነት የመነጨ አልነበረም ማለት ነው።

ሌላው «ምርጫ» የምትሉት ነው። እናንተ ሴቲንግ ውስጥ አርባ አማራጭ ስታዩ ትደሰታላችሁ። እኔ አርባ ቦታ ላይ ልሳሳት እንደምችል ነው የሚታየኝ። ሲበላሽም «ምን ነካሽ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰው እንደ ዕቃው አዋቂ ሆኖ እንዲኖር የምትጠብቁ ከሆነ፣ እኔም እናንተን የሒሳብ መዝገባችሁን በሁለትዮሽ አመዘጋገብ ራሳችሁ ያዙ ልበላችሁ፤ እሱም እኮ ነፃነት ነው።

የምፈልገው ይህን ያህል ነው፦ የተማርኩት ነገር ባለበት ይቆይልኝ፣ የምጠይቀው ሰው ይኑረኝ፣ ስልኩ ወድቆ ቢሰበር ፎቶዎቹ አይጥፉ። እዚህ መድረክ ላይ ስንት የስልክ ምክር አነበብኩ፤ «ስክሪኑ የሞተ ቀን ፎቶዎቹ የት ናቸው?» ብሎ የጠየቀ አላየሁም።

ቀላል_ነው

ዝም አሰኘችን።

ክፍት_ኮድ

አንባቢዋ፣ ሁለትዮሽ አመዘጋገቡን ተቀብያለሁ፤ ጥሩ አድርገሽ መታሽኝ። ለፎቶዎቹ ግን መልስ አለኝ። ቤት ውስጥ አንድ አነስተኛ ሰርቨር፣ ሁለት ዲስክ፣ ስልኩ ዋይፋይ ሲያገኝ በራሱ የሚገለብጥ ክፍት ፕሮግራም። የማንም ኩባንያ ሐሳብ መቀየር አይነካሽም። አንዴ ከተተከለ አትነኪውም።

አንባቢዋ

ሰርቨሩ የቆመ ቀን ለማን ልደውል?

ክፍት_ኮድ

ለተከለልሽ ሰው። ለእኔ ለምሳሌ።

አንባቢዋ

አንተ ብትታመም? ሥራ ብትቀይር፣ ሩቅ ብትሄድ? ከአንድ ኩባንያ አላቀህ ከአንድ ሰው ጋር አሰርከኝ እኮ። ኩባንያው ቢያንስ ሌሊትም ይሠራል።

ጥገና_ወዳድ

እኔ «ሁለተኛው ሒሳብ» ያልኩት ይህንኑ ነው፤ አንባቢዋ አሳጥራ ተናገረችው። ለባለሙያው ነፃነት የሆነ ነገር ለሌላው ሰው የአንድ ባለሙያ ጥገኛ መሆን ይሆንበታል። ክፍት_ኮድ፣ ይህን ለማጣጣል አይደለም፤ ሰርቨርህ በሥራው ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ። ችግሩ የሚመጣው እሱን የሚያስታምም ሰው ሲጠፋ ነው።

ለፎቶዎቹ በእኔ በኩል የማደርገው ይህ ነው፦ ስልኩ የመጣበት የኩባንያው ማከማቻ በርቶ ይቆይ፣ ሰውየው የሚያውቀው እሱ ነውና። በተጨማሪ ኮምፒውተር በሚበራበት አጋጣሚ ሁሉ ሙሉውን ወደ ውጪ ዲስክ መገልበጥና ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጪ የሚለውን የባለሙያዎች ደንብ ያሟላል፤ ሰርቨርም አይጠይቅም። ዲስኩን የሚከፍት ሰው ደግሞ የትም አይታጣም።

ቁልፍ_ያዥ

የደኅንነት ሰው ነኝ፣ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ቁስል አለብኝ።

ኢሜይል የሚመሰጥረው ፕሮግራም ፒጂፒ በ1991 ሲወጣ ማንም ሰው ኢሜይሉን ማንም እንዳያነበው አድርጎ መላክ ቻለ። ሒሳቡ የታመነ፣ ፕሮግራሙ የተገኘ። በ1999 ሁለት ተመራማሪዎች 12 ሰዎችን አስቀምጠው 90 ደቂቃ ሰጧቸውና በፒጂፒ የተመሰጠረና የተፈረመ ኢሜይል ላኩ አሏቸው። በትክክል የላኩት ሲሶዎቹ ብቻ ናቸው። ከቀሩት ውስጥ ምስጢሩን ሳይመሰጥሩ እንዲሁ የላኩም ነበሩ። ሰዎቹ የተማሩ፣ ኢሜይል የለመዱ ናቸው። እኛ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሙሉ «ሰው ስለ ምስጢሩ ግድ የለውም» ስንል ቆየን። በየስብሰባው ላይ አንዱ የሌላውን የምስጠራ ቁልፍ በፊርማ እንዲያረጋግጥ ስናስተምር ቆየን፤ የሚማረን እርስ በርሳችን ነበርን።

ከዚያ ኤፕሪል 2016 ላይ ዋትስአፕ ሲግናል ከተባለው ሌላ የመልእክት አፕ የተገኘውን የምስጠራ ፕሮቶኮል (የአሠራር ደንብ) ለሁሉም ተጠቃሚ አበራው። ያኔ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው ነበር። ማንም ቁልፍ አልተለዋወጠም፣ ማንም ሴቲንግ አልከፈተም፤ አንድ ቢጫ ማስታወቂያ ነገር ብቅ አለና ሰዉ ሳያነበው ወደ ወሬው ተመለሰ። የደኅንነት ሰዎች ሲመኙት የኖሩት ነገር የተፈጸመው ተጠቃሚው ምንም እንዲመርጥ ባልተጠየቀበት ቀን ነው።

ፓስወርድም ሌላ ማሳያ ነው። «በየ90 ቀኑ ቀይር፣ ትልቅ ፊደል ጨምር፣ ምልክት ጨምር» ስንል ሰዉ የነበረው ፓስወርድ ላይ 1፣ ከዚያ 2 እየጨመረ ታዘዘን። በ2017 የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም፣ ኒስት፣ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየርንም፣ የምልክት ግዴታንም ከመመሪያው አወጣ። ተጠቃሚው ሰነፍ ነው ሲባል የነበረው ደንቡ ራሱ ስለማይረባ ነበር። አሁን ያሉት ፓስኪዎች ወደዚያው መንገድ ናቸው፤ በጣት አሻራ ወይም በስክሪኑ ቁልፍ ትገባለህ፣ ውስጥ ያለውን ሒሳብ ማወቅ አይጠበቅብህም፣ በአሳሳች ገጽ ላይም አይሠራም።

ክፍት_ኮድ

እሱን ፕሮቶኮል የጻፉት እነማን ናቸው? እናንተ አክራሪ የምትሏቸው። ለዓመታት ማንም ሳይጠቀምበት ሲያሻሽሉት ባይቆዩ ኖሮ በ2016 የሚበራው ምን ነበር? አንድሮይድም እኮ የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል፣ በሲስተሙ እምብርት፣ ላይ ነው። «ሊኑክስን ሰው አይፈልግም» የሚለው ሰው ይህን የሚጽፈው ከሊኑክስ ላይ ነው።

ደግሞ ቁልፍ_ያዥ፣ ታሪኩን ደስ የሚለው ቦታ ላይ አቆምከው። መልእክቱ ተመስጥሮ እያለ የዋትስአፕ ባክአፕ በደመናው (በኢንተርኔት ማከማቻው) ላይ ሳይመሰጠር ነበር የሚቀመጠው። ባክአፑን የመመስጠር አማራጭ የመጣው በ2021 ነው፤ እሱም ገብተህ ካላበራኸው አይበራም። ከማን ጋር መቼ እንዳወራህ የሚለውም ኩባንያው ጋ ይታያል። ሳይጠየቅ የተሰጠው ሰው የጎደለውንም አይጠይቅም።

ቁልፍ_ያዥ

ባክአፑን በተመለከተ ትክክል ነህ፤ እንዲያውም ለእኔ ክርክር ማስረጃ ይሆናል። በራሱ የበራው አንድ ቢሊዮን ሰው ጋ ደረሰ፤ «ገብታችሁ አብሩት» የተባለው ስንት ሰው ጋ እንደሚደርስ ከፒጂፒ ታሪክ መገመት ይቻላል። ስለዚህ ጉልበታችንን እናትየዋን በማሳመን ከምናባክነው፣ የፋብሪካውን ሴቲንግ የሚወስነውን ሰው እናስጨንቅ።

ሞገድ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የፋብሪካ ሴቲንግ ሁልጊዜ ለተጠቃሚው አያዳላም፤ ቴሌቪዥን ምስክሬ ነው።

ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ነው። አዲስ ቴሌቪዥን ስታበሩ ብዙ ጊዜ ውስጡ የበራ አንድ ነገር አለ፤ በሁለት ፍሬም መካከል የሌለ ፍሬም ፈጥሮ ይጨምራል፣ እንቅስቃሴው ይለሰልሳል። ለኳስ ጨዋታ ሊያምር ይችላል። ፊልሙን ግን በርካሽ የቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ተከታታይ ድራማ ያስመስለዋል። ስሙም በየኩባንያው ይለያያል፤ ስለዚህ ሰው ፈልጎ ሊያጠፋው ቢል እንኳ ምን ብሎ እንደሚፈልግ አያውቅም። ሱቅ ውስጥ ከጎኑ ካለው ቴሌቪዥን ደምቆ እንዲታይ ቀለሙና ብርሃኑም ከልክ በላይ ተደርጎ የሚመጣ አለ። ፊልም ሠሪዎች ራሳቸው ተማረው በ2019 የቴሌቪዥንና የፊልም ኩባንያዎች ማኅበር የሆነው የዩኤችዲ አሊያንስ «ፊልምሜከር ሞድ» የሚባል፣ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ምርጫ አስታወቀ። ያም ቢሆን የሚያውቀው ያው እኛው ነን።

ሰው ቤት ገብቼ ይህን ነገር በርቶ ሳይ እጄን ይበላኛል። አንዳንዱ ሲጠፋለት «አሁን ፊልም መሰለ» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ «ለምን አደበዘዝከው?» ይላል፤ መልሼ አበራለታለሁ፣ ቴሌቪዥኑ የእሱ ነው።

እግረ መንገዴን ለእኛ ወገንም ልጨምር። 55 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ጤናማ ዓይን ያለው ሰው ከ2.2 ሜትር ገደማ በላይ ርቆ ከተቀመጠ፣ የሙሉ ኤችዲንና የ4ኬን የነጥብ ልዩነት መለየት ያቅተዋል። ከዓይን የመለየት አቅም ተነስታችሁ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። ሶፋው 3 ሜትር ላይ ላለ ሰው 8ኬ ስትመክሩ የምታስገዙት ዓይኑ የማይለየውን ነጥብ ነው።

ባትሪ_80

3ዲ ቴሌቪዥንን ማን አነሳልኝ? በ2010 «የወደፊቱ ይህ ነው» ተባለ፣ በ2017 ኤልጂና ሶኒ ጭምር ተዉት። እዚያ ላይ ሰዉ ከእኛም ከፋብሪካውም ቀድሞ አውቆ ነበር፤ ሳሎን ውስጥ መነጽር አድርጎ አይቀመጥም።

አወያይ

ከዚህ በላይ ሦስት መልእክት አንስቻለሁ። ስለ አይፎንና አንድሮይድ መሰዳደብ የፈለገ የራሱን ክር ይክፈት፤ እኔም እዚያ አልመጣም።

ዘግይቶ_መጣ

ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ሁላችሁም ስለ እናት አወራችሁ፤ እኔ የአባት ጥያቄ አለኝ። አባቴ ዊንዶውስ 10 ያለው ላፕቶፕ አላቸው። ጡረታ ላይ ናቸው፤ ዜና ያነባሉ፣ ኢሜይል ያያሉ፣ ደብዳቤ ጽፈው ያትማሉ፣ የድሮ ሰነዶቻቸውን እስካን ያደርጋሉ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ወደ 11 እንዳላሳድገው ፕሮሰሰሩ አሮጌ ነው፣ አይቀበለውም። ማሽኑ ግን ደህና ነው፣ ኪቦርዱን ለምደውታል፣ አዲስ ልግዛልዎት ስላቸው «ይሄ ምን ሆነ?» ይሉኛል። ክፍት_ኮድ ሊኑክስ እንደሚለኝ አውቃለሁ። ጥገና_ወዳድስ?

ጥገና_ወዳድ

መጀመሪያ ጊዜ ግዛ። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የዊንዶውስ 10 የደኅንነት አፕዴት እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚያራዝም ምዝገባ አለው፤ ሴቲንግ ውስጥ አፕዴት ገጹ ላይ ታገኘዋለህ። እሱን አስመዝግብና ተረጋግተህ አስብ። ከዚያ በኋላ ግን፣ ሊገርምህ ይችላል፣ እንደ አባትህ ላለ ሰው እኔም ሊኑክስ እላለሁ። የሚሠሩባቸው ነገሮች ጥቂትና የታወቁ ናቸው፤ አብዛኛው ብራውዘር ውስጥ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ማተሚያውና እስካነሩ ነው። እና አንድ ጥያቄ፦ ሲቸገሩ የሚደውሉት ለማን ነው?

ዘግይቶ_መጣ

ለእኔ። አብረን ነው የምንኖረው።

ክፍት_ኮድ

እንግዲያው ተፈቷል። ከሊኑክስ ዓይነቶች ሊኑክስ ሚንትን ውሰድ፤ ከታች መስመሩ፣ ጥግ ላይ ማውጫው፣ ከዊንዶውስ የለመዱት አቀማመጥ ነው። ግን አትጫነው! ፍላሽ ላይ አድርገህ ከፍላሹ አስነሳው፤ ዲስኩ ላይ ያለውን ሳይነካ ሙሉው ይሠራል። ማተሚያውን ሞክር፣ እስካነሩን ሞክር፣ ደብዳቤዎቻቸውን በነፃው የጽሕፈት ፕሮግራም በሊብሬኦፊስ ክፈትና ገጹ መዛባቱን እይ። ከሁሉም በላይ አባትህን ፊት ለፊቱ አስቀምጣቸውና አንተ ዝም በል። የት ላይ እንደሚቆሙ ልብ በል፤ እዚያ ላይ ነው ሥራ ያለው።

አንባቢዋ

የኢሜይሉንም ምልክት ድሮ የነበረበት ቦታ ላይ አድርግላቸው። ተመሳሳይ ሥዕል ፈልግለት። እናንተ ትስቃላችሁ፣ እኔ ግን ግማሹ ችግር እዚያ ነው የሚቀረው እላለሁ።

ክፍት_ኮድ

አልስቅም። የምልክቱን ሥዕል መቀየር በቀኝ ተጫን፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሥዕሉ ላይ ንካ ነው። ቀላል ነው።

ቀላል_ነው

ጠራኸኝ?

ዘግይቶ_መጣ

ከፍላሹ አስነሳሁት። ዋይፋዩን ወዲያው አገኘ። ማተሚያው በዩኤስቢ ሰክቼው ምንም ሳልጭን አተመ፤ አባቴም «ፈጠነ እኮ» አሉ። ደብዳቤዎቹ ተከፍተዋል፤ አንዱ ላይ ብቻ ሠንጠረዡ ወደ ሁለተኛ ገጽ ገብቷል። ኢሜይሉን ያለ እኔ እርዳታ ከፈቱ። የቆሙት ጽሑፉን የሚያተልቁበት ቦታ ላይ ነው፤ ቀድሞ የሚያደርጉት በኮንትሮልና በማውሱ ጎማ ነበር፣ ብራውዘሩ ላይ ያው ነው ስላቸው ቀጠሉ። እስካነሩ ግን እምቢ ብሏል። ይታያል፣ ስሙ ይወጣል፣ እስካን ስለው «ዕቃው አልተገኘም» ይላል።

ክፍት_ኮድ

ከማተሚያው ጋር አንድ ላይ ነው ወይስ ለብቻው? ሞዴሉን ከጀርባው አንብበህ ጻፍልኝ። እስከዚያ ምንም አትጫን፣ ዊንዶውሱም ባለበት ይቆይ።

ዘግይቶ_መጣ

ለብቻው ነው። አባቴ ተኝተዋል፣ ክፍላቸው ውስጥ ነው ያለው። ጠዋት አነበዋለሁ።